በቅሎ ያልናት ክራር

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ «እማማ፣ ዛሬስ የኛን ቸርች ሳታዪ አትቀሪም» ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሄድኩላት። አዳራሹ የእህል መጋዘን ያክላል፤ ወንበሩ ባለ ስፖንጅ ነው፤ መድረኩ ላይ ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት ይሽከረከራል። ከወለሉ ጭስ ቡልቅ ሲል እሳት የተነሣ መስሎኝ መውጫውን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ፤ ለካ እሱም ለማሳመሪያ ነው! ይሁን፣ ዘመኑ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ የለበሰ አንድ ጎረምሳ ብቅ አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጭኑ ላይ ምን ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው? መሰንቆ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መሰንቆ! በጴንጤ ቸርች፣ በእሑድ ቀን፣ ፓስተሩ ፊት! ልጁ ደጋኑን ሳብ ሲያደርገው ሕዝቡ «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ፓስተሩ ራሱ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግ ጀመር። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። የልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ ዝም በይኝ» አልኳት። ምን ልበላት? በዚህ ባለ አንድ ገመድ ዕቃ ምክንያት በኛ ቤት የሆነውን እሷ በምን ታውቃለች?

ያደግኩት ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳገቱ ወገብ ላይ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች በደጃችን ቁልቁል ሲወርዱ የቅጠሉ ሽታ እስከ ጓዳ ይገባል። የአባቴ መወርወሪያ ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ቋ፣ ቋ ይላል። አባቴ ይመር ይባላል፤ ሸማኔ ነበር። የወሎ ሰው ሆኖ ሽመናን የተማረው ከእናቴ አባት ነው፣ ከጨንቻ መጥተው ሽሮ ሜዳ ከተቀመጡት ሸማኔ። እናቴን ዘነበችንም ያገባት ከዚያው ቤት ነው። ከዚያ በፊት ምን ትሠራ ነበር ብለን ስንጠይቀው «ጨለማ ውስጥ ነበርኩ፤ ጌታ አወጣኝ» ይለንና መወርወሪያውን ይወረውራል። እኔም ወንድሜ ማርቆስም ደግመን አንጠይቅም፤ አባታችን ሁለቴ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዓመቱን ተዉኝ፤ እኔ የማስታውሰው ዳቦ በአሥር ሳንቲም እንደ ነበረ፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ተሰፍሮ እንደ ተሰጠን፣ ውይይት ታክሲ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተፋጠን ፒያሳ በሃያ አምስት ሳንቲም እንደ ወረድን ነው። ወንዱ ሁሉ ካኪ ነው። እኔ ኮንጎ ጫማ አድርጌ ፒያሳ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የተሰቀለች ቀይ ባለ ተረከዝ ጫማ በሄድኩ ቁጥር ሳላያት አልመለስም ነበር፤ አንድ ቀን ተነሥታ አገኘኋትና እንደ ዘመድ ነው ያዘንኩላት። ዛሬ የልጅ ልጄ አልጋ ሥር ስንት ጫማ እንዳለ ብታዩ! ደሞ «የማደርገው የለኝም» ትላለች። ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የኪነት ቡድኑ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ሲንጫጫ ይውላል፤ ሰፈሩ ሳይወድ በግዱ በቃሉ ይዞታል። አባቴ ብቻ ከሚሸምንበት ጥጥ ቆንጠር አድርጎ ጆሮው ውስጥ ይወትፋል። ወደ ገበያ ስንወርድም ጠጅ ቤቱ ካለበት ማዕዘን ስንደርስ በጓሮ በኩል ያዞረናል፤ ዳገቱን ወጥተን ዳገቱን እንወርዳለን፤ ከውስጥ የመሰንቆ ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ! ሰዉ «ይመር እኮ ቅዱስ ነው» ይል ነበር። እኛም ቅድስና መስሎን እግራችን እየነደደ እንከተለዋለን።

ጴንጤ መሆን በዚያን ጊዜ ምን እንደ ነበር ለዛሬ ልጅ ብታወሩት ተረት ይመስለዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ የቀበሌው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ የተረፍነው በየተራ በየሰዉ ቤት እንሰበሰባለን። ከተያዝን መታሰር አለ፤ እሱንስ ለምደነዋል። የባሰው ሌላ ነው። ጊዜው ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ ከኛ ሰዎች አንዱ ቤት ሲሰበሰቡ ተይዘው የዚያ ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች ከዚያው ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ማሠልጠኛ ተጫኑ። አንዱ አልተመለሰም። ስለዚህ የኛ ቤት ተራ በደረሰ ቁጥር እናቴ ሳምንቱን ሙሉ የምታየው ማርቆስን ነበር፤ ሲበላ ታየዋለች፣ ሲተኛ ታየዋለች። «ይህን ልጅ ከወሰዱብኝ አለቀልኝ» ትላለች። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላት።

ታዲያ መላ ዘየድን። ስብሰባው ያለበት ቤት ሴት ልጅ ካለች ቀለበት እያሰረች ነው እንላለን። ነጠላ አከናንበን እናስቀምጣታለን፤ ካላገቡት ወንዶች አንዱ ሱፍ ኮት ተውሶ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ለስላሳ ይደረደራል፤ ቀለበቱ ከኛው ከአባላችን ከእትዬ በለጡ ጣት ወልቆ ሳሕን ላይ ይቀመጣል። ስንቷ ልጅ በውሸት ታጨች! እኔ ራሴ ለጌታቸው ሁለት ጊዜ ታጭቻለሁ። ጌታቸው ዳቦ ቤት የሚሠራ ደግ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ግን ከትከሻዬ አያልፍም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሲመጣ እንዳንነሣ ተነግሮናል። ያልታሰበበት ነገር የለም ብለን ነበር። አንድ ነገር ብቻ፣ በዚያን ሁሉ ጊዜ፣ ያንን ሁሉ ሽማግሌ ይዘን፣ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ምን እንደ ሆነ እመጣበታለሁ።

ወንድሜ ማርቆስ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ሽመናውን ይወዳል፣ ግን የመሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ክረምት የእናቴን አሮጌ ገበቴ ጠየቃት፤ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፤ ሁለት እንጨት አቁሞ ከላይ አገናኛቸውና የናይለን ገመድ ዘረጋበት። እስከዚህ ክራር ነው። እሱ ግን አልበቃውም። በመካከላቸው ሌላ ረጅም እንጨት ሰክቶ በላዩ የፈረስ ጭራ ገመድ ወጠረ፤ ያችኛዋን ደጋን እንዲያገኛት ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ በትንሽ እንጨት ደገፋት። ጭራውን ለማግኘት ሸጎሌ ከብት ተራ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ የአንዱን ነጋዴ ፈረስ ከኋላ ሲነጭ ተረግጦ ለሳምንት ሲያነክስ ከረመ። ለደጋኑ ደግሞ እናቴ ጥጥ የምትነድፍበትን ደጋን ቆርጦ አሳጠረው። በእሱስ በሊጥ ማማሰያዋ ነው ያባረረችው! ሲያልቅ ግን ተሰብስበን አፋችንን ከፍተን አየን። በጣት ሲመታት ክራር ናት፤ በደጋን ሲገዘግዛት መሰንቆ ናት። በአንድ ሆድ ሁለት ድምፅ! እናቴ ሳቀችና «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች» ብላ ወደ አባቴ አየት አደረገች። አባቴ አልሳቀም። ስሟ ግን በዚያው በቅሎ ሆኖ ቀረ።

በቅሎ ስብሰባ በገባችበት ቀን መዝሙሩ ቀርቶ ክርክር ሆነ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኤልያስ ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ መርፌ ሲወጉም ሲጸልዩም ዓይናቸውን የሚጨፍኑ። በቅሎን አገላብጠው አይተው «ይሄ ክራር ነው መሰንቆ?» አሉ። ማርቆስ «ሁለቱም ነው፣ ጋሼ» ሲላቸው «ሁለቱም የሚባል ነገር የለም» አሉት። ክራር ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ የተፈቀደ ነው፤ መሰንቆ ግን የጠጅ ቤት ዕቃ ነው፣ በጉባኤ አይገባም፤ ይህ የተዘጋ ነገር ነው። ዕቃዋን ደግሞ ለሁለት አይሰነጥቋት! ሲጨቃጨቁ ቆይተው ነገሩን የቆረጠው አባቴ ነው። «በጣት ሲመታ ክራር ነው። በደጋን ሲገዘገዝ መሰንቆ ነው። ይመታ፤ አይገዘገዝ» አለ። ሁሉም በዚህ ተስማሙ። አባቴ ደጋኑን ከማርቆስ እጅ ወስዶ ቤታችን አመጣውና ከመሸመኛው በላይ ወራጁ ላይ ሻጠው። ማርቆስ ለብዙ ቀን አባባን አላናገረውም። እኔም ተናድጄ ነበር። ሰው ለገዛ ልጁ ትንሽ አይራራም?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የኛ ቤት ተራ ደርሶ አንድ እሑድ ከሰዓት ተሰበሰብን። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ መሸመኛው በአንድ በኩል፣ ሃያ የሚሆን ሰው በሌላው በኩል። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ከጌታቸው አጠገብ፤ ማርቆስ በቅሎን ታቅፎ ጥግ ላይ። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው፤ ማርቆስም ገመዷን የሚነካት ትንኝ እንደሚያባርር ሰው ነው። ድንገት በሩ ሳይንኳኳ ተበርግዶ ተከፈተ። ጓድ ተፈራ! የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ፣ ከኋላው ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስከትሎ። ድሮ ታች መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር፤ ያን ጊዜ ተጨዋች ነው ይሉት ነበር፤ ሽጉጡን ከታጠቀ በኋላ ግን በሰፈራችን ሲያልፍ ውሻ እንኳ አይጮህም።

«ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?» አለ።

ጋሽ ኤልያስ ያጠኑትን ተናገሩ። «ቀለበት ነው፣ ጓድ። የአቶ ይመር ልጅ፣ ራሔል፣ ቀለበት እያሰረች ነው።»

ጓድ ተፈራ ዞሮ አየ። ዳቦውን አየ፣ ቆሎውን አየ፣ ሳሕኑ ላይ ያለውን ቀለበት አንሥቶ አየ። እኔን አየኝ፣ ጌታቸውን አየው፤ «ተቀምጠህ እንኳ ትከሻዋ ላይ አልደረስክም!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። እኛም አብረን ሳቅን፤ እናቴ ከጎኔ ስትተነፍስ ተሰማኝ። አለፈ በቃ ብለን ነበር። እሱ ግን ከቆሎው አፈስ አድርጎ እየቆረጠመ «ታዲያ ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት? ዘፈን የለም እንዴ? ዝፈኑ እንጂ!» አለ።

ያልኳችሁ እንግዲህ ይሄ ነው። ዘፈን! ዳቦ አስበናል፣ ቀለበት ተውሰናል፣ ሱፍ ኮት ተውሰናል፤ ሃያ ሰው ተሰብስበን አንድ የሠርግ ዘፈን የሚያውቅ የለንም! ዘፈን ኃጢአት ነው፤ ገሚሳችን ከልጅነታችን ሳንዘፍን ያደግን ነን፤ ገሚሳችን ጌታን ስናገኝ ትተነዋል። የምናውቀው የቀበሌውን የሰልፍ ዘፈን ብቻ ነው፣ እሱም ለቀለበት አይሆንም። እርስ በርስ ተያየን። እትዬ በለጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጌታቸው ሳል ጀመረው። ጓድ ተፈራ ማኘኩን አቆመ።

«ያ ልጅ ክራር ይዞ የለም? ምታ!» አለው ማርቆስን።

ማርቆስ መታ። ምን ያድርግ? ጣቱ የሚያውቀውን ነው የሚያውቀው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ነካት ከኋላ ያለው ጠመንጃ የያዘ ልጅ «ጓድ፣ ይሄ የጴንጤዎች መዝሙር ነው፤ አክስቴ ቤት ሰምቼዋለሁ» አለ። የማርቆስ እጅ ቀጥ አለ። ጓድ ተፈራ በእጁ የቀረውን ቆሎ ሳሕኑ ላይ መለሰው። ማርቆስ ፊት ሄዶ ቆመና፣ ረጋ ብሎ፣ «አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። የእናቴ እጅ ክንዴን ሲጨብጠኝ ጥፍሯ ገባ፤ ጠባሳው እስከ ቅርብ ጊዜ ነበር።

አባቴ ብድግ አለ። «ጓድ ተፈራ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» አለ። «ልጁ ለማጅ ነው። የልጅቷ አባት እያለ እሱን ማን ምታ አለው?» ወደ መሸመኛው ሄደና እጁን ዘርግቶ ደጋኑን ከወራጁ መዘዘ። እኔ፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ሰውየውን በደጋን ሊመታው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ በቅሎን ከማርቆስ ተቀብሎ ተቀምጧል። መቃኛዋን ጠምዘዝ፣ ጆሮውን ጠጋ፣ እንደገና ጠምዘዝ። ደጋኑን ምላሱ ላይ እንደ መንካት አድርጎ ማርቆስ ቆዳው ጠርዝ ላይ ከለጠፈው ሙጫ አሻሸው። ሸማኔ እንዲህ አያደርግም! ከዚያ ሳበው።

እናንተዬ! ያ ድምፅ ከዚያች ገበቴ ወጣ ብትሉኝ አላምንም ነበር። ማርቆስ ሲገዘግዛት በር ሲጢጥ ሲል ነበር የሚመስለው። አባቴ ሲገዘግዛት ሰው ሆነች። ደግሞ በደጋኑ እየሳበ በትርፍ ጣቱ የክራሩን ገመዶች ቆንጠር፣ ቆንጠር ያደርጋቸዋል፤ ይህን ማርቆስ ራሱ አስቦት አያውቅም። ይባስ ብሎ አፉን ከፈተና፣ ያ ጆሮው ላይ ጥጥ የሚወትፍ አባቴ፣

«ነፋሱ ከእንጦጦ ቁልቁል ቢመጣ፣
ሰከረ ያ'ባቷ ልብ ጠጅ ሳይጠጣ»

አለ። ክው! ቤቱ ክው አለ። ጋሽ ኤልያስ ዓይናቸውን መጨፈን ረሱ። አባቴ ማንንም አላየም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ጓድ ተፈራ ዞረና፣

«ዓይኑ የንጋት ኮከብ ቁመቱ እንደ ዝግባ፣
ቤታችን ሰፋልን ጓድ ተፈራ ሲገባ»

ሲለው ሰውየው ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ተቀበል!» አለ።

«አቤት!» አለ አባቴ፣ ያለ ምንም ማሰብ። ያቺ «አቤት» ነች ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠችኝ። ግጥሙን ሰው ሰምቶ ሊያጠናው ይችላል። እንዲያ ብሎ ተቀበል ሲሉት አቤት የሚል ግን ስንት ዓመት ጠጅ ቤት የዋለ ሰው ብቻ ነው። ጓድ ተፈራ የጎሚስታነቱ ዘመን መጣበት መሰለኝ፣ ግጥም ይወረውራል፣ አባቴ ይቀበላል፣ አሳምሮ ይመልሳል። አንድ ብር አውጥቶ ምራቁን ቀባና አባቴ ግንባር ላይ ለጠፈለት። የጉባኤያችን ጠንካራ ሽማግሌ፣ ግንባሩ ላይ ብር ተለጥፎ! ጠመንጃ የያዙት ልጆች ጠመንጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መጨፈር ጀመሩ። «እናንተስ? ተነሡ እንጂ!» ሲባል የኛዎቹም ተነሡ፤ ምን ምርጫ አላቸው? ግን ልንገራችሁ፣ እትዬ በለጡ ትከሻቸውን ሲሰብቁት ያ የተገደደ ሰው ትከሻ አልነበረም። ጋሽ ኤልያስም ወገባቸውን ይዘው ወረድ ብድግ አሉ። ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው።

በመካከሉ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለጓዱም ለሠርጉም ያልሆነ አንድ ግጥም አለ፦

«ጥጥ ስትነድፊ አየሁሽ ከደጅ፣
ልቤ እዚያ ቀረ አንቺ የሸማኔ ልጅ።»

ከጎኔ እናቴ እልል አለች። እልል ስትል ሰምቻት አላውቅም። አንዴ ከጀመረች አላቆመችም፤ እንባዋ እየወረደ እልልታዋ ቀጠለ።

ጓድ ተፈራ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ጋሽ ይመር፣ ይህን ጉድ የት ሸሽገውት ኖሩ?» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ማርቆስንም «አባትህ እያለ አንተ አትንካ!» ብሎት በሳቅ ሄደ። የዕድሜው ነገር ጠፋ። ማርቆስ ከዚያም በኋላ አልተወሰደብንም፤ ዛሬ ሸጎሌ ቤት ሠርቶ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል፤ ጆሮው ብቻ ከብዶታል። በቅሎንስ አይጥ ቆዳዋን በልቶ ጨርሷታል።

ሰዉ አንድ በአንድ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ወጣ። አባቴ ብሩን ከግንባሩ አንሥቶ ደጋኑን ወራጁ ላይ መለሰው። ማርቆስ «አባባ፣ የት ተማርከው?» አለው። የመለሰችልን እናቴ ናት። «አባታችሁ አዝማሪ ነበር» አለች፣ ዳቦውን እየሰበሰበች። «ታች ጠጅ ቤት ሲጫወት ድምፁ እኛ ጓሮ ድረስ ይመጣል። እኔ መልኩን ሳላየው ድምፁን ወደድኩት። ጌታን ሲቀበል ግን መሰንቆውን በእሳት ማገደው፤ አባቴም ሽመና አስተማሩት፤ አገባኝ። ከተጋባን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።» እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። የጠጅ ቤቱን ማዕዘን የምንዞረው እንግዲህ ለካ ሲጋራ ያቆመ ሰው ከጭስ እንደሚሸሸው ነበር። ያን ሁሉ ዳገት!

ሊወሰድ የነበረው ወንድሜ ተረፈልን ብዬ ሳልጨርስ ሌላው መጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ አባቴን በጉባኤ ፊት ጠሩት። ማን? እነዚያው! ያዳናቸው! ትከሻቸው ገና ያላረፈው! ዓለማዊ ዘፈን ዘፍኗል፣ መሰንቆ መትቷል፣ ሥርዓቱ ይጠይቃል አሉ። እኔ እንደ እብድ ሆንኩ፤ እናቴ «ዝም በይ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ኤልያስ ሊቀጡት አልፈለጉም። ገና አባቴ ሳይቀመጥ «ወንድም ይመር፣ ፈርተህ ነው፤ ለልጅህ ስትል ነው። ሁላችንም አይተናል። እንዲያ በለንና እንጸልይልህ፤ ሻዩም ሳይቀዘቅዝ» አሉት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረው። በል አባባ፣ በልና እንሂድ አልኩ በልቤ።

አባቴ እንደ ቆመ ቀረ። «ለልጄ ብዬ ነው የጀመርኩት» አለ። «የመጀመሪያው ግጥም ለልጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጄም ጠፋብኝ፣ ጓዱም ጠፋብኝ። ደስ አለኝ። ሸማኔ ከሆንኩ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ደብቄ ወደ ጌታ ማዕድ አልቀርብም።»

«ኧረ ወንድሜ!» አሉ ጋሽ ኤልያስ፣ በድንጋጤ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ይህን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«እሺ፣ ተጸጸትበታ! ተጸጽቻለሁ በልና ይለቅ!»

«እየሞከርኩ ነው» አለ አባቴ። «እስካሁን አልተጸጸትኩም።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። መውጫ በር ከፍተውለት፣ እሱ ራሱ ዘጋው። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሳስበው ያስደነግጠኛል። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ምን ያድርጉ? እስኪጸጸት ድረስ ከቁርባን ይታገድ ተባለ። እትዬ በለጡም እጃቸውን አወጡ! ያ እጅ ሊወርድ ሲል ከሴቶቹ ወገን እናቴ ተነሣች። እናቴ በጉባኤ ተናግራ አታውቅም፤ አማርኛዋ የጨንቻ ስለሆነ ታፍር ነበር። «እልልታው የኔ ነው» አለች። «ማንም እልል በይ አላለኝም። እኔም አልተጸጸትኩም። እኔንም አግዱኝ።» ጋሽ ኤልያስ «እኅት ዘነበች፣ ተይ እባክሽ» ቢሉ ቢሉ አልተቀመጠችም። ታገደች።

ኋላ ዘመን ተለውጦ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት፣ አዲሶቹ ሽማግሌዎች ነገሩን ሳያነሡ ሁለቱንም መለሷቸው፤ ተጸጸቱ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔን ከዓይኔ የማይጠፋው ግን ከእገዳው በኋላ፣ ገና በየሰዉ ቤት ስንሰበሰብ፣ የመጣው የመጀመሪያው ቁርባን ነው። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ነበር የምንቀመጠው፤ አባቴና እናቴ በሕይወት ዘመናቸው በጉባኤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። የታገደ ሰው ግን ቦታው በሩ አጠገብ ነው፤ እዚያ የወንድ፣ የሴት የሚባል የለም፤ ያለችውም አንዲት አግዳሚ ናት። ጽዋው በሁላችንም ዘንድ ዞሮ እነሱ ጋ ሲደርስ አለፋቸው። እኔ አልቻልኩም፤ አለቀስኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ይሆናል ብዬ ዞሬ ባይ፣ እናቴ የነጠላዋን እኩሌታ በአባቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለት፣ በአንድ ነጠላ ሁለት ሆነው ቀና ብለው ተቀምጠዋል። በሰው ፊት ሲነካኩ እንኳ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች! ዓይኔን ማመን አቅቶኝ እንባዬ ቆመ። ስንወጣ ጠጋ ብዬ «እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ፣ በጉባኤ መሐል?» አልኳት።

«በሩ ጋ ይበርዳል» አለችኝ።